የብርቱካን ትምህርት በሁዳዴ

ጊዮርጊስን፣ ይህ ታሪክ እውነት ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ከተላጠ ብርቱካን ፊት አፉን ገጥሞ መቀመጡን ያላመነ፣ ሞጣ ሄዶ ይጠይቅ።

መምህር ደምለው ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሟል፤ ቆሟል ማለት እንኳን ግድግዳው ደግፎት ነው። ሚስቱ ስሜነሽ ቢቸና እያስተማረች መንታ ልጆቻቸውን ለብቻዋ ታሳድጋለች። ወደ እሷ ለመዛወር የቀረው የትምህርት ኢንስፔክተሩ አንዲት በጎ ቃል ናት። ለዚህ ነው ዓባይ በረሃ ወርዶ ብርቱካን፣ ሙዝና ትርንጎ ተሸክሞ የወጣው። ጉልበቱ እዚያው ዳገቱ ላይ ቀርቶ፣ ሞጣ የደረሱት ፍሬውና ልብሱ ብቻ ናቸው ይባላል።

ትምህርቱ ጨዋታ ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ቁራጭ ፍሬ ቀምሰው ስሙን ይናገራሉ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ፊደል በጣታቸው አየር ላይ ይጽፋሉ። በጥር ሲሞክሩት ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር፤ ሎሚዋማ ከመኮምጠጧ የተነሳ የበሩን ማጠፊያ ዝገት አራግፋለች። ወሬው ቢቸና ሲደርስ ኢንስፔክተሩ አቶ ሣህለ ማርያም ካላየሁ አሉ። ዛሬ ነገ ሲሉ ከርመው የመጡት ግን በሁዳዴ፣ በዓርብ ጠዋት ነው።

ደምለው ነገሩ የገባው ልጆቹ ከንፈራቸውን ሲገጥሙ ነው። እሱም እህል አልቀመሰም፤ ግን ረሃቡን ከድካሙ መለየት ካቃተው ሰንብቷል። የብርቱካኑ ሽታ በመስኮት ወጥቶ፣ ገበያውን ዞሮ ተመለሰ። ከፊት የተቀመጠችው አምሳለች ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋ ይታያል።

ኢንስፔክተሩ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ ሥጋ አይደል ቅቤ አይደል፣ ፍራፍሬ ምን ያስጨንቃል ሲሉ ተከራከሩ።

«ፍሬውስ የጾም ነው ጋሼ፤ ሰዓቱ ነው እንጂ ያልደረሰ። ገና ቅዳሴ አልወጣም» አለች አምሳለች፣ ዓይኗ እንደተሸፈነ።

አቶ ሣህለ ማርያም ሰዓታቸውን አዩ። የመጡበት ላንድሮቨር ከቀትር በፊት ይነሳል። ያላዩትን ትምህርት አየሁ እንደማይሉ፣ መምህሩ ካዘዘ ግን ልጆቹ እንደሚቀምሱ ረጋ ብለው ነገሩት።

እውነታቸውን ነው፤ ቢያዝዝ ይቀምሱ ነበር። ደምለው ቁራጩን ከአምሳለች ከንፈር ፊት እንደያዘ ቆየ። ጭማቂው በክንዱ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ገባ። ስሜነሽ ታየችው፤ አንዱን አዝላ፣ ሌላው ቀሚሷን ይዞ፣ ጠመኔ ስታነሳ። ቁራጩን ሳህኑ ላይ መለሰ።

«ቅዳሴ እስኪወጣ እንቆያለን» አለ።

 ኢንስፔክተሩ ሹፌሩን አሰናብተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ዓይናቸውን በመሐረብ ሸፍነው ከልጆቹ ጋር ጠበቁ። የቅዳሴው ደወል ሲሰማ አፋቸውን ቀድመው የከፈቱት እሳቸው ናቸው።

ምዬ ነግሬያችኋለሁ፤ ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ የኢንስፔክተሩን መቆየት። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር፤ ላንድሮቨሩ በሰዓቱ ሄዷል። ልጆቹ ግን አንዳቸውም ነጠላቸውን ሳይፈቱ እስከ ደወሉ ቆዩ። ያኔ ደምለው ከግድግዳው ተላቆ፣ ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ አጎረሳቸው።