አባል ያልነበረው ሰው

"እናቴ፣ ዛሬ ማታ ቢሞቱ ነፍስዎ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃሉ?"

ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠርዙን በእጇ ትሰፋ ነበር። መርፌውን ሳትነቅል ቀና አለች። በሩ ላይ የቆሙት ባልና ሚስት ተመሳሳይ ሰማያዊ ሰደርያ ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው አርማ ተጠልፏል። ጥልፉ የማሽን ነው፣ ያውም የጥድፊያ ሥራ። የጠየቃት ባልየው ነው። ሚስትየዋ በራሪ ወረቀት ታቅፋ ከጥርስ ያላለፈች ፈገግታ ታሳያለች።

"ግቡና ተቀመጡ" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ "ቆሞ ስለ ሞት አይወራም።"

ገቡ። ሰውየው በሥልጠና ያጠናውን አንድም ሳያጎድል ተወጣው። ኃጢአቷን ነገራት፣ መፍትሔውን ነገራት፣ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዝና ተሻገረ።

"በአንዲት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ነው የተጀመረችው። ዛሬ በየከተማው ቅርንጫፍ አላት፣ ስብከቱም በስልክ ዓለምን ያዳርሳል። መጋቢያችን በወጣትነታቸው ብቻቸውን ነው የጀመሯት።"

"ብቻቸውን?"

"እግዚአብሔርና እሳቸው።"

"ሳሎኑስ የማን ነበር?"

ሰውየው ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ በራሪ ወረቀቷን አየች። እዚያ ላይ አልተጻፈም።

ሳሎኑ አሁን የተቀመጡበት ነው። ልብስ ሰፊዋ አልነገረቻቸውም። ክፋት ከተባለ ክፋት ነው፤ እሷን ግን ደስ አላት። መጋቢው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችው። መስበክ የተማረውም እዚህ፣ በስፌት ማሽኖቿ መሃል ነው። የጸሎት ቀን ሲደርስ ማሽኖቹን ወደ ግድግዳ የሚገፋው፣ ከየጎረቤቱ ወንበር ለምኖ ተሸክሞ የሚመጣውና የሚደረድረው ባሏ ነበር። ባሏ ግን አላመነም። "ለእኔ ወንበሩ ይበቃኛል" ይልና ማእድ ቤት ገብቶ፣ የሬዲዮኑን ድምፅ ቀንሶ፣ ዝማሬው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ማንም አስገድዶት አያውቅም፤ ማንም አመስግኖትም አያውቅም።

እሱ በሞተ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኗ አድጋ ደንብ ወጥቶላት ነበር፦ መጋቢው ቀብር ላይ የሚቆመው ለአባል ብቻ ነው። ወንድሟ ጋ ብትደውል ስልኩን ያነሳው ጸሐፊው ነው። ማታ ላይ ከአስተዳደር ክፍል የሐዘን መግለጫ በስልኳ ገባ፤ ለሁሉም የሚላክ ዓይነት። ያን ቀን ተቆጣች፣ ቁጣዋም እስከ ዛሬ አልበረደም። ከዚያ ወዲህ እግሯ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ አዳራሽ ዞሮ አያውቅም።

"እንግዲህ አብረን እንጸልይ" ብሎ ሰውየው ዓይኑን ሲጨፍን መጋቢው ከካሜራ ባለሙያ ጋር ገባ። ለምሥረታው በዓል ፊልም ሊቀርጽ እንደሚመጣ ትናንት ደውሎ ነግሯት ነበር።

ባልና ሚስቱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"መጋቢ፣ እኚህን እናት ያውቋቸዋል እንዴ?"

"እህቴ ናት። ምነው?"

"ምንም" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ "ስለ ጌታ እየነገሩኝ ነው። ጎበዞች ናቸው።"

ሚስትየዋ የምትገባበት ጠፋት። መጋቢው ሳቀ፤ ሳቁ አዳራሽ የለመደ ስለሆነ ለዚያ ቤት በዛ። ወዲያው ባልና ሚስቱን ወንበሮቹን እንደ ድሮው እንዲደረድሩ አዘዛቸው። መጀመሪያ ወንበሮቹን ወደ መስኮቱ አስዞረ፣ ቀጥሎ ወደ ግድግዳው፣ ሁለቱም አልጣመውም።

"እንዴት ነበር እትዬ?"

"እኔ ምን አውቄ። የሚያውቀው አፈር ለብሷል።"

መጋቢው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንቺ ምንም አትናገሪም። እኔ ነኝ የምናገረው። ጋሼ በመጨረሻ ሰዓቱ ጌታን እንደ ተቀበለ እናገራለሁ፤ አንቺ ራስሽን ነቅነቅ ታደርጊያለሽ፣ አለቀ።"

"አልተቀበለም።"

"የልቡን በምን ታውቂያለሽ?"

"አጠገቡ ነበርኩ። ውሃ ጠየቀ፣ አጠጣሁት። ከዚያ 'ማሙሽ አልመጣም?' አለ። ሌላ ያለው ነገር የለም።"

ባልና ሚስቱ መጋቢያቸው ማሙሽ እንደሚባል ያኔ አወቁ፤ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

"እትዬ" አለ መጋቢው፤ "ፎቶውን አዳራሹ መግቢያ ላይ ከመሥራቾቹ ጋር እንሰቅለዋለን። ሳያምን ነው የሞተው ካልን ሽማግሌዎቹ አይፈቅዱልኝም። ደግሞ ያላመነ ባል ይዛ የምታለቅስ ስንት ሚስት አለች። ስንቷን ያጽናናል መሰለሽ።"

እዚህ ላይ ልቧ ሸፈተ። ገቢ ወጪው ሁሉ ቀና እያለ ባሏን ሲያየው ታያት። ለራሷ ያልፈለገችውን ክብር ለእሱ ፈለገችው። እሱ ራሱ ቢኖር ኖሮ "ለማሙሽ ከጠቀመው ይበል" ብሎ ይስቅ ነበር፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች፣ የሚያናድዳትም ይኸው ነው። ያ ሰው እንቢ ማለት ስለማይሆንለት ሁሉም እንደፈለገ አደረገው። መልሳ ወደ ስፌቷ አጎነበሰች። መጋቢው ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮ ለካሜራው ምልክት ሰጠ።

መብራቱ በራ። ድምፁ ተለወጠ።

"በዚህች ጠባብ ክፍል እግዚአብሔር ታላቅ ሥራ ጀመረ። የእህቴ ባል ግን ልቡን አደንድኖ፣ ለዓመታት የወንጌል ተቃዋሚ ሆኖ ኖረ። በሞት አልጋው ላይ ሳለ..."

ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እንባውም የውነት ነበር። ራሷን እስክትነቀንቅ ጠበቃት።

"ማን ነው ተቃዋሚ?" አለች። "ባሌ አላመነም። አላመነም እንጂ አልተቃወመም። ማንን ነው የተቃወመው? አንተን?"

"አቁመው" አለ መጋቢው።

የካሜራ ባለሙያው መብራቱን አጠፋ። መጋቢው ተነስቶ ኮቱን አስተካከለ፤ ለሰው ፊት የሚበቃ ቁጣ ብቻ ነበር ያወጣው።

"ለቤተ ክርስቲያን ነው እትዬ፣ ለእኔ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ለአንተ ቢሆን እሱም እሺ ባለህ፤ ለዚህ እኮ ነው እንቢ ያልኩህ።"

ልብስ ሰፊዋ የሙሽራዋን ቀሚስ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ባልና ሚስቱ በራሪ ወረቀቶቻቸውን ሰብስበው ሊወጡ ሲሉ በእጇ ወደ ወንበሮቹ አመለከተቻቸው።

"እናንተ ተቀመጡ። እኔ እናንተን ሰምቻችኋለሁ፣ አሁን ደግሞ እናንተ ትሰሙኛላችሁ። ስለ ባሌ ነው።"

ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመው ወንድሟ ዞረች።

"ማሙሽ፣ ወይ ተቀመጥ፣ ወይ በሩን ዘግተህ ሂድ።"

የትኛውን እንደመረጠ ሳታይ መናገር ጀመረች።