ማረጋገጫውን ማን አነሳው

"የሰው ውጤት ለሌላ ሰው ሄዷል" አሉ መምህሩ የጠረጴዛውን ስልክ እያስቀመጡ። "ክሊኒኩ ነው። አንዲት ሴት የራሷን የደም ምርመራ በስልኳ ልታይ ብትገባ የምታውቃት ልጅ ውጤት ወጣላት። ልጅቷ እርጉዝ ናት። ለማንም አልተናገረችም ነበር፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።"

"እሺ" አለች ፕሮግራመሯ።

እሺ የሚባልበት ቦታ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን እናቷ ከሞተች ወዲህ መልሷ ሁሉ እሺ ሆኗል። ለቀስተኛው አይዞሽ ሲላት እሺ፣ ወንድሟ የእናታችንን ቤት እንሽጠው ሲላት እሺ።

መምህሩ ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምረው፣ ጠመኔ ሳንባዬን ጨረሰው ብለው በሃምሳ ዓመታቸው ኮድ መጻፍ የተማሩ ሰው ናቸው። ቢሮው ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ኮንትራታቸው በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ይታደስ አይታደስ ገና አልታወቀም።

ሁለቱ የሚሠሩበት ላይብረሪ፣ ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች እንዳለ ወስደው የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ፣ ማረጋገጫ በሚሉት ክፍሉ፣ ሄደሮችን መፈተሽ ነው። ሄደር ከገጹ ቀድሞ የሚላክ አጭር መግለጫ ነው፤ ፖስታ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ። መሃሉ ላይ አዲስ መስመር ከገባበት ማሽኑ ቀጣዩን እንደ ሌላ መልእክት ይቆጥረዋል፤ መልሶቹም ተራቸውን ይስታሉ። የክሊኒኩ ጸሐፊ ከሁለት ቀን በፊት ሄደሩ ውስጥ የሚገባውን የአንድ ታካሚ ስም ከሌላ ቦታ ቀድታ ስትለጥፍ አዲስ መስመር አብሮ ተለጥፎባታል። እንዲህ ያለውን መመለስ የማረጋገጫው ሥራ ነበር። ማረጋገጫው ግን የለም።

ፕሮግራመሯ ኮዱን ማን መቼ እንደቀየረው የሚይዘውን መዝገብ ወደ ኋላ እየሄደች ፈለገችና አገኘችው። ከስምንት ወር በፊት ማረጋገጫው ከላቲን ፊደል በቀር አላሳልፍ ብሎ፣ በራሳችን ፊደል የተጻፈውን ስም ሁሉ ይመልስ ነበር። ክሊኒኩ አቤት አለ። እሷም ነገ አስተካክለዋለሁ ብላ ማረጋገጫውን ከነጭራሹ አነሳችው። በማግስቱ እናቷ ሞተች። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ምንም አልተሰማትም።

ሥራ አስኪያጁ ሳያንኳኳ ገባ።

"ማነው የነካው?" አለና ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ።

መዝገቡ ከላይ የሚያሳየው የመጨረሻውን ሰው ነው። መምህሩ ባለፈው ወር ፋይሎቹን ወደ አዲስ ፎልደር ሲያዛውሩ ስማቸው ሁሉም ላይ አርፏል።

"እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አሉ መምህሩ።

"አይ መምህር! ጉድ ሠሩኝ እኮ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሪፖርቱን ይስጡኝ። የኮንትራቱን ነገር… እናያለን።"

እናያለን ማለት በእሱ አፍ አለቀ ማለት ነው። ወጣ።

"ምን ነካዎት? የእርስዎ ጥፋት አይደለም" አለች።

"ቀኑን ከኋላሽ ሆኜ አይቼዋለሁ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ እኮ፣ የኔ ልጅ። የደረሰብሽ ይበቃሻል።"

"ልጆች አሉዎት።"

"ደርሰዋል። የቀረችው ትንሿ ብቻ ናት።"

"ኮሌጅ ልትገባ አልነበር?"

"ልትገባ ነው" አሉና መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። "ልጆች አስጠናለሁ። ሒሳብ የሚከብደው ሞልቷል፣ ሥራ አላጣም።"

እሺ ልትል ነበር። ቀላል ነበር፤ መምህሩም እሺ እንድትላቸው እየጠበቁ ነው። ወደ ሥራዋ ዞረች። ፊደሉን ሁሉ የሚያሳልፍ፣ አዲስ መስመርን ግን የሚመልስ ማረጋገጫ ጻፈች። ሞከረችው፤ ሠራ። አራት መስመር ኮድ፣ ሃያ ደቂቃ። እሷ በስምንት ወር ውስጥ ሃያ ደቂቃ ስላጣች ነው ልጅቷ ሰፈር ውስጥ አንገቷን የደፋችው። ያኔ አፈረች። ፊቷ ጋለ፤ ከቀብሩ ወዲህ አንድም ነገር ተሰምቷት ስለማያውቅ በመጀመሪያ ያመማት መስሏት ነበር።

ላይብረሪውን ለሚጠቀሙ ሁሉ የሚወጣውን ማሳሰቢያ ጻፈች። ችግሩ ምን እንደሆነ፣ አዲሱን ኮድ ዛሬውኑ እንዲወስዱ፣ ማረጋገጫውን ያነሳችው እሷ መሆኗን ከነሙሉ ስሟ አስቀመጠች። ለመምህሩ ሳታሳይ ላከችው፤ ለሥራ አስኪያጁም እንዲደርሰው አደረገች።

አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ ተመልሶ መጣ።

"አንቺ ነሽ እንዴ? ቀኑ እኮ እናትሽ የሞተችበት ሳምንት ነው!" ድምፁ ለሰለሰ። "እንዲህማ ከሆነ ለክሊኒኩ እንንገራቸው። ሰዎች ናቸው፣ ይረዱናል።"

መምህሩም እውነቱን ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የእናቴን ነገር ለማንም እንዳትናገር" አለች። "የልጅቷን ስልክ ስጠኝ።"

"የየትኛዋን?"

"የእርጉዟን።"

"ምን ልትያት ነው?"

ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ክሊኒኩ ከላከለት የአቤቱታ ደብዳቤ ላይ አነበበላት፤ መታችው። ሦስት ጊዜ ጠራ።

"ሀሎ፣ ማን ልበል?" አለ ከወዲያ አንድ የደከመ ድምፅ።

ፕሮግራመሯ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች።