እስከ አስር

«ሻይሽን ጠጪ እንጂ፣ በረደ እኮ» አለቻት ታናሽ እህቷ ለሦስተኛ ጊዜ።

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን አነሳችና ሳትቀምሰው መልሳ አስቀመጠችው። ልጇ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ በተውሶ ወንበር ተጨናንቋል፤ የስፌት መኪናዋ ጥግ ተገፍታ አንሶላ ተጥሎባታል። ለቀስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ከዚያ ትዝ ሲለው «ገና በሠላሳ ዓመቷ» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል።

እሷ የምታስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ስንት ዓመት ያመቀችውን ጥያቄ ልጇን ጠይቃት ነበር።

«ልጄ፣ ትንሽ ሆነሽ ስላደረግሁሽ ነገር ተቀይመሽኛል?»

ልጅቷ የኦክስጅኑን ጭምብል ከአፏ ዝቅ አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እናት ግን ዝምታውን አልቻለችውም። «ተይው፣ አትናገሪ፣ ይደክምሻል» ብላ ሾርባ ልታሞቅ ወጣች። ስትመለስ ሐኪሞቹ አልጋውን ከበውት ነበር፤ ያን ሾርባ ይዛ መተላለፊያው ላይ ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?» አለች እህቷ።

«ምን ልትለኝ ነበር?»

«ማን?»

«ተይው፣ ምንም።»

ልጅቷ ከቀኗ ሦስት ወር ቀድማ ስለተወለደች አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ችኩሏ» አላት፤ ስሙም እዚያው ጸና። ቀልዱ ኋላ ነው የመጣው፤ ከዚያ ወዲህ በምንም ነገር ቸኩላ አታውቅም። የሸሚዟን ቁልፎች ቆልፋ እስክትጨርስ የጎረቤት ልጆች ትምህርት ቤት ይደርሱ ነበር። ካደገች በኋላ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ግን በነፃ በየትምህርት ቤቱ ትዞር ነበር። እናት «እግር ማቅጠኛ ሥራ!» እያለች ትቀልድባት ነበር። እዚያ ሄዳ ምን እንደምትሠራ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም።

ከቀትር በፊት አንዲት የማያውቋት ሴት ገባች፤ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ አለች። እናት አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ልጅዎ እኛ ዘንድ የመጣች ቀን ዳይሬክተራችን የሰጣት አስር ደቂቃ ብቻ ነበር» አለች አስተማሪዋ። «እሷ ምን አለች? መዝገቡን አውጡልኝ። ያለቀናቸው የተወለዱ ልጆች ስም አጠገብ ሌላ ቀን አስጻፈችን፣ መወለድ የነበረባቸውን ቀን። አንዷ ተማሪዬ በዚያ ብትቆጠር ለካ ገና አጸደ ሕፃናት መሆን ነበረባት። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሰነፍ እያልኳት ከርሜአለሁ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች እናት።

«ከዚያማ መቁጠር አስተማረችን። ልጁን ከጠየቃችሁት በኋላ እጃችሁን ጠረጴዛ ስር አድርጉና በጣታችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። በመሃል አትናገሩ፣ አታግዙ፣ ጥያቄውንም አትድገሙ። እኔ አራት ላይ ስደርስ ምላሴን ይበላኝ ነበር! እሷ ከኋላ ወንበር ሆና በዓይኗ ትቆጣኛለች።» ሳቋ አመለጣትና ደንግጣ አፏን ያዘች። «ስምንት ላይ ያቺ ልጅ መለሰች። ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ያላለች ልጅ።»

እናት ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋችው።

«ስለ አንዲት ሕፃንም ነግራናለች። መልሱን ሁልጊዜ ጥያቄው ካለፈ በኋላ እናቷ የስፌት መኪና ዘንድ ይዛ ስለምትመጣ ሕፃን።»

እህቷ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አስተማሪዋ ግን አልገባትም።

እናት ያ ቀን መጣባት፤ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ የማባዛት ደብተሩ፣ ከእግሯ ወንበሩ የረዘመባት ልጅ። «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ልጅቷ አፏን ከፈተች። እናት የልብስ ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው። «ተናገሪ! እዚህ ጭንቅላት ውስጥ ምንም የለም እንዴ?» ደብተሩን ዘግታ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ለማታ የሚደርስ ቀሚስ ነበረባት። አንድ እጅጌ ሰፍታ ስትጨርስ ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ሃምሳ ስድስት» አለች ቀስ ብላ።

«አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለቻት፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ዓመታት ነው እንዲህ ያደረገቻት።

«ስለ እናቲቱስ ምን አለቻችሁ?» ስትል ጠየቀች።

አስተማሪዋ ልትመልስ ስትል ከአንሶላው ስር የወጣውን የስፌት መኪና ፔዳል አየችው። ፊቷ ተለወጠ።

«መጠበቅ እንዳለባት ማንም አልነገራትም ነበር ነው ያለችው። እናንተ በኋላ እንዳትጸጸቱ ነው የምነግራችሁ አለችን።»

«ተቀይማታለች?»

«እሱን… እሱን አልጠየቅናትም፣ እናቴ።»

አስተማሪዋ እጇን ይዛት ብዙ ቆየች። ከዚያ እሷም ሌሎቹም ለምሳ ተበተኑ።

ቤቱ ጭር ሲል እናት ተነስታ ወደ ልጇ ክፍል ገባች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። የሐሙስ ቦርሳዋ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ በጎን ኪሱ ለትንንሽ እጅ የሚመቹ ወፋፍራም እርሳሶች ታጭቀውበታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ተቀይመሽኛል?» አለች።

እጆቿን ከቀሚሷ እጥፋት ስር ከተተች። አንድ። ሁለት። ምላሷን ይበላት ጀመር፤ ነከሰችው። አምስት ላይ እህቷ በሩን ከፍታ «እታለም፣ ምን ፈልገሽ ነው? ነይ ትንሽ ቅመሺ» አለቻት። ሳትዞር ራሷን ነቀነቀች። እህቷ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ስምንት። ዘጠኝ። አስር።

እንባዋን ሳትጠርግ፣ ቃል ሳትተነፍስ፣ ከአውራ ጣቷ እንደገና ጀመረች።