«በኋላ» የምትለዋ ቁልፍ

የማዳም ናዋል ስልክ «አዲስ ማሻሻያ ደርሷል፤ አሁን ይጫን?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር እሷ የምትነካት ቁልፍ አንዲት ብቻ ነበረች፤ «በኋላ» የምትለዋ። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ነካቻት። ስልኩ ግን ጨዋ ነውና አልተቀየመም፤ በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ይዞ እንደ ደጅ ጠኚ ብቅ ይላል።

ይህችን ቁልፍ ከሠራተኛዋ ከእጅጉ ይበልጥ የሚያውቃት የለም። ሊባኖስ፣ ዛልቃ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ከማዳም ናዋል ቤት በሠራተኛነት ከገባች አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ውሏ የሁለት ዓመት ነበር። ሁለቱ ዓመት ሲሞላ አገር ቤት ደርሳ ለመምጣት ፈቃድ ጠየቀች። ማዳም «ባዕዴን፣ ሐቢብቲ» አለቻት፤ በኋላ፣ የኔ ቆንጆ። በሦስተኛው ዓመት ባዕዴን፣ በጋው ይለፍ። በአራተኛው ባዕዴን፣ የልጄ ሠርግ ይለፍ። በጋውም አለፈ፣ ሠርጉም አለፈ፣ ሙሽራዋም ሞንትሪያል ገብታ አረገዘች። የእጅጉ ፓስፖርት ግን ከማዳም ቁም ሣጥን፣ ከክረምት ሹራቦች ሥር፣ እንደ ተኛ ነው። እጅጉ በየዓመቱ ሹራቦቹን ስታናፍስ ታገኘዋለች። ያለ ቲኬትና ያለ ማዳም ፈቃድ ፓስፖርት ብቻውን የትም እንደማያደርስ ስለምታውቅ፣ አቧራውን ትጠርግለትና ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።

ልጇ ቤተል ደብረ ብርሃን፣ ከእህቷ ከሀረገወይን ጋር ናት። እጅጉ ስትለያት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እናቷን የምታውቃት መዳፍ በምታህል የስልክ መስታወት ውስጥ ነው፤ እሑድ እሑድ፣ ከአንገት በላይ። ባለፈው ጥቅምት በሥዕል እያወሩ ሳሉ ቤተል ድንገት፣ «እማዬ፣ አንቺ እግር አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እጅጉ ሣቀች። ስልኩን ወደ ታች አዘንብላ ነጠላ ጫማዋን አሳየቻት። ከዘጋች በኋላ ግን ሣቋ አልቀጠለም።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ፣ በዚያች መስታወት ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ መጣ፤ «ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ጀምሮ ይህ የመገናኛ አፕሊኬሽን በዚህ ስልክ ላይ አይሠራም።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኳን ይዛ ወደ ሃይሚ ሱቅ ገሠገሠች። ሃይሚ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ አሁን እዚያው ዛልቃ አንዲት ጠባብ ሱቅ ይዛለች። በአንዱ ወንበር ሹሩባ ትሠራለች፤ በአንዱ ጠረጴዛ ስልክ ትፈታለች። ያን ቀን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዛ ነበር።

«እጅግዬ፣ ይህ የማዳምሽ አሮጌ ስልክ አይደል?» አለች፣ ማበጠሪያውን በአፏ እንደ ያዘች።

«እሷ ሲሰለቻት ሰጠችኝ። አሻሽይልኝ።»

«የሚሻሻል የለውም። አዲሱ ሶፍትዌር ለዚህ አልመጣም። አይመጣምም። ኸላስ፣ አበቃ!»

«ለምን? ዋይፋይ አለኝ'ኮ!»

ሃይሚ ማበጠሪያውን ከአፏ አወጣች። «ስሚኝ። እናትሽ በርበሬ በሰው እጅ ልከውልሽ ያውቃሉ? ሲነሣ ሁለት ኪሎ ነው። አዲስ አበባ ያለችው የአክስትሽ ልጅ ትቀምሰዋለች፤ መንገደኛው ይቀንስለታል፤ እዚህ የተቀበለችው ልጅ ደግሞ ጎረቤቷን ታቀምሳለች። አንቺ ጋ ሲደርስ ስኒ ሙሉ ነው፤ ያውም ከስድስት ወር በኋላ። ማሻሻያም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን የጻፉት ይለቁታል። ከዚያ የስልኩን አንጎል የሚሠራው ድርጅት ይነካካዋል። ከዚያ ስልኩን የሠራው የራሱን ቀለም ይቀባዋል። ከዚያ የኔትወርክ ድርጅቱ ፈተሽኩ ይላል። ከዚያ በየአገሩ ተራ ነው። ሊባኖስ የት እንዳለች ሲያስታውሱ፣ ስልክሽ ሁለት ዓመት ሞልቶታል።»

«ሁለት ዓመት ሲሞላውስ?»

«ድጋፍ አበቃ ይሉታል። አላውቅህም ማለት ነው፤ በጨዋ ቋንቋ።»

«ሁለት ዓመት!» እጅጉ ሣቀች። «እንደኔ ውል!»

«አንቺስ ከስልኩ ትብሻለሽ፤ ሳያሻሽሉሽ አራት ዓመት ተኩል ሠርተሻል» አለች ሃይሚ። ሹሩባ የምታሠራዋ ልጅ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀችና ጸጉሯ ከሃይሚ እጅ አመለጠ። «አትነቃነቂ አንቺ! ... እጅግዬ፣ የምሬን ነው፤ ወይ ሌላ ስልክ ግዢ፣ ወይ ራስሽ ሄደሽ ልጅሽን እዪ። ሦስተኛ መንገድ የለም። የማዳምሽ አዲሱ ስልክስ?»

«እሱም እንደዚሁ ጽፏል። ግን ማሻሻያ አለኝ ይላል።»

«የመጨረሻው ነው በያት። ሲጫን መብራት እንዳይቋረጥበት ብቻ። በመካከል ከጠፋ ድንጋይ ነው፤ እኔም አላነሣውም።»

ቤት ስትመለስ ማዳም ናዋል በረንዳ ላይ ቆማ ከጎረቤቷ ጋር እያወራች ነበር። ማውራት ከተባለ። «ሁለት ዓመት ከኔ ጋር የኖረ ስልክ! ይገባሻል? ሁለት ዓመት አብሮ ኖሮ፣ ከዚያ ይህ የመጨረሻው ነው፣ ከእንግዲህ አላውቅሽም? ሐራም! ያኒ፣ ማለቴ፣ ሕግ የለም? ቃል የለም? ሰው አይደለንም?» ሙስየ፣ ባሏ፣ ለድርጅቱ በፈረንሳይኛ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ስለ ክብር፣ ስለ ፍትሕና ስለ ረጅም ግንኙነት። የመጣው መልስ አንድ መሥመር ነው፤ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ በኋላ እናነጋግርዎታለን።» ሌላ ስልክ ላለመግዛትም በመርሕ ደረጃ ምሏል።

እጅጉ እዚያው በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። በጥርሷ የልብስ መቆንጠጫ ይዛ ስለ ነበር መሣቅ አልቻለችም።

ማዳም ማሻሻያውን ሦስት ጊዜ ሞክራለች። የስልኩ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ሲነቀል ይጠፋል። ሦስቱንም ጊዜ ገና ፋይሉ እየወረደ ሳለ መብራት ሄደ። ሞንትሪያል ያለችው ልጇ ደግሞ ቀኗ ደርሷል። ማዳም የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ፊት የምታይበት ሌላ መንገድ የላትም። ዓርብ ዕለት ማእድ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «እጅጉ፣ ምን ይሻለኛል?»

እጅጉ የዛልቃን መብራት ቅዳሴ እንደሚያውቅ ዲያቆን ታውቀዋለች። የምታጥበው፣ የምትተኩሰው፣ ውኃ የምታሞቀው በእሱ ሰዓት ነው። ፋይሉንም ሌሊት መብራት ባለበት ሰዓት ተነሥታ አውርዳው ነበር፤ የቀረው መጫኑ ነው።

«ነገ ከጠዋቱ አራት እስከ ስምንት ሰዓት የመንግሥት መብራት የለም፤ የሠፈሩ ጄኔሬተር ነው። ያኔ እንጭነዋለን።»

«መብራት በሌለበት?»

«ማዳም፣ የሚጠፋው ያለው ነው። የሌለው አይጠፋም።»

ማዳም አሰበችበትና እውነት ሆኖ አገኘችው።

«ግን ከጄኔሬተሩ የተከራየነው አምስት አምፔር ነው» አለች እጅጉ። «ካውያና ማሞቂያ ከተገናኙ ማቋረጫው መብራቱን ያጠፋዋል። ስለዚህ ካውያ የለም። ማጠቢያ ማሽን የለም። የውኃ ማሞቂያ የለም። ለአንድ ሰዓት ማንም ምንም አይሠራም።»

«አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እቀመጣለሁ።»

ማዳም ይህን ከስልኩ መሞት ጋር መዘነችው። «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ እንደ ከባድ መሥዋዕትነት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱ ማእድ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የውኃ ማሞቂያው ጠፍቷል። ስልኩ ገመዱን ይዞ በመካከላቸው ተኝቷል። ከጄኔሬተሩ ጉርምርምታ ሌላ ድምፅ የለም። መጀመሪያ ረጅም ውል መጣ። ማዳም በአውራ ጣቷ ወደ ታች አስሮጠችውና «እስማማለሁ» የሚለውን ነካች።

«አላነበቡትም?»

«ማን ያነበዋል? ካልተስማማሁ አይጭንም!»

ዐሥር በመቶ። ሃያ። ማዳም ስልክ በእጇ ከሌለ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። የጠረጴዛውን ልብስ አስተካከለች፣ መልሳ አዛነፈችው፣ ከዚያ የቀራትን ብቸኛ ነገር አደረገች፤ እጅጉን አየቻት።

«ማዳም፣ አገሬ መቼ ነው የምሄደው?» አለች እጅጉ።

«ባዕዴን፣ ሐቢብቲ። ሕፃኑ ይወለድ።»

ሠላሳ አምስት በመቶ። እጅጉ ቀስ ብላ ተነሣች። የመተኮሻውን ጠረጴዛ ዘረጋች፤ የሙስየን ነጭ ሸሚዝ አነጠፈችበት፤ ካውያውን አነሣች።

«ምን እያደረግሽ ነው?!»

«ሥራዬን፣ ማዳም። ሙስየ ለነገ ቅዳሴ ሸሚዝ ይፈልጋሉ።»

«ማሞቂያው ጠፍቷል'ኮ፤ ካውያው ብቻውን...»

«ማቀዝቀዣው አለ፤ የሙስየ ቴሌቪዥን አለ። ይችል ይሆናል። ላይችልም ይችላል።» ሶኬቱን ገና አልሰካችውም። በጣቶቿ መካከል ይዛ ቆመች።

«ልጄ ዛሬ ወይ ነገ ትወልዳለች!» አለች ማዳም። «ታውቂያለሽ'ኮ!»

«አውቃለሁ። የኔ ልጅ ደግሞ እግር እንዳለኝ ጠየቀችኝ።»

«ምን?»

«እግር። ከአንገቴ በታች አይታኝ አታውቅም። አሳየኋት። ከወር በኋላ ግን አንገቴንም አታየውም፤ የሰጡኝ ስልክ ድጋፉ አልቋል።»

ማዳም ናዋል ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፋት ጊዜ ይጠይቃል፤ እሷ ሁሉን ነገር ለበኋላ የምታቆይ ነች። አሁን ግን የምትነካው ቁልፍ የለም። ስልኩ አርባ ስምንት በመቶ ይላል። የእጅጉን ነጠላ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሁሉ አየችው።

«አስቀምጪው፤ ካውያውን አስቀምጪው። እምላለሁ፣ በጻድቁ በማር ሻርበል፣ ትሄጃለሽ።»

«መቼ?»

ማዳም ተነሥታ ሳሎን ወዳለው የመሥመር ስልክ ሄደች። በቃሏ የምታውቀው ቁጥር ሁለት ብቻ ነው፤ የሟች እናቷና የጉዞ ወኪል የሆነችው የአክስቷ ልጅ የጆሴት። እናቷ ስለማትመልስ ለጆሴት ደወለች። የፓስፖርት ቁጥር ስትጠየቅ ወደ ቁም ሣጥኑ ሮጠች። ከስድስት ሹራብ ሥር አወጣችውና አቧራ እንደሌለበት ስታይ ግራ ገባት።

«ጆሴት አምስት ወር ብቻ ነው የቀረው ትላለች!» ብላ ከሳሎን ጮኸች። «ከዚህ በላይ ከቆየ አይሠራም ትላለች!»

«ድጋፉ እያለቀ ነው» አለች እጅጉ ለካውያው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለጥር አምስት ቦታ ተገኘ። ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እጅጉ ካውያውን ወደ መደርደሪያው መልሳ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እግሮቿን ከጠረጴዛው ሥር ዘረጋች። ሰማንያ ሰባት። ዘጠና።

ማዳም የመሥመር ስልኩን እጀታ በደረቷ ላይ ይዛ በማእድ ቤቱ በር ብቅ አለች። ገመዱ ከሳሎን ድረስ ተወጥሯል።

«ጆሴት የመመለሻውን ቀን ንገሩኝ ትላለች። ደርሶ መልስ ነው አይደል? እጅጉ? መመለሻው መቼ ይሁን?»

እጅጉ ስልኩን አየችው። ዘጠና አራት ይላል።

«ባዕዴን፣ ማዳም» አለች።

ከተቀመጠችበት ግን አልተነሣችም፤ ገና ስድስት በመቶ ይቀረው ነበር።