የማይንቀሳቀሰው ነጥብ

ቡራ የሚሉት የተራራ ነፋስ ሲነሳ በእኛ ደሴት ሰው አይጮኽም፤ ዝም ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱ መዝጊያ ሁሉ ጓ፣ ጓ ሲል እኔ ዳቦ መሸጫዬ ውስጥ ቆሜ ስልኬን አየሁ። ባሌ ቪችኮ ብቻውን ባሕር ላይ ነበር። ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ግን ጋልዮላ ከምትባለው ትንሽ ደሴት ጀርባ፣ ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ላይ ቆሟል። ተጠልሏል ብዬ እፎይ አልኩ።

ነጥቡን ያመጣችልን የባሌ የእህት ልጅ ኔቨንካ ናት። ቪችኮ ስልኩ ላይ አንድ ድረ ገጽ ይከፍታል፣ እኔ ደግሞ ጀልባው የት እንዳለ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ስልኬን ባንኮኒው ላይ ስለማስደግፈው ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ቪችኮ ይሄን አይወድም። "ያንቺ ባንኮኒ የመንደሩ ዓይን ነው" ይለኛል። ዓሣ አጥማጅ ያገባች ታውቀዋለች፤ እነዚህ ሰዎች ሚስታቸውን ቢወስዱባቸው ይቅር ይሉ ይሆናል፣ መረብ የሚጥሉበትን ቦታ ቢያውቁባቸው ግን ሞተው ነው። ሌላ ጀልባ ከሩቅ ካዩ አቅጣጫ ይቀይራሉ። አባት እንኳ ለልጁ የሚነግረው ልጁ የራሱን ጀልባ ሲይዝ ነው።

ሺሜ ዳቦ ሊገዛ ገባ። እሱም አጥማጅ ነው፤ ከቪችኮ ጋር ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው።

"ያንቺ ሰውዬ የት ገባ?" አለኝ።

"ጋልዮላ ጀርባ። አይዞህ፣ አንተን ደስ እንዲልህ ብሎ አይሰምጥም።"

አልሳቀም። ስልኩ ላይ አጎንብሶ ቆየ። "ፔሪና፣ ጀልባ መልሕቅ ጥላም ቢሆን ወዲያ ወዲህ ትላለች። ይሄ ነገር ቅንጣት አይነቃነቅም" አለ።

አፈጠጥኩበት። እውነቱን ነው። ነጥቡ ካርታው ላይ የተቸነከረ ይመስላል። ቪችኮ ጋ ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ ኔቨንካ ጋ ደወልኩ።

"አክስቴ፣ የስልኩ ስክሪን ጠፍቶ ይሆናል" አለችኝ። "ስክሪኑ ሲጠፋ ገጹም አብሮ ይተኛል። አንቺ የምታዪው ከመጥፋቱ በፊት የነበረበትን ቦታ ነው።"

"ታዲያ እንዳይጠፋ አታደርጊውም ነበር?"

"አድርጌው ነበር። ስክሪኑን ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርግ ቁልፍ አለው። አጎቴ ግን ያ ቁልፍ እንዴት እንደሚዘጋ አሳዪኝ አለኝ። ለአክስትሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ።"

ነገሩ ገባኝ። ባሌ ጋልዮላ ድረስ ሁሉም እያየው ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሚስጥር ቦታው ሲታጠፍ ስክሪኑ ይጠፋለታል። የመንደሩ ሰውና እኔ ባዶ ውሃ እያየን ዳቦ እንሸጣለን፣ እንገዛለን። አሁን ያ ሞኝ ሰው በዚህ ነፋስ የት እንዳለ የማውቀው ነገር የለም። ሱቁን ሳልዘጋ ወደብ ሮጥኩ፤ ሺሜም ከኋላዬ።

እየሮጥኩ ደውዬላቸው ስለነበር የነፍስ አድን ጀልባው ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀኝ። ቪችኮን በሬዲዮ ደጋግመው ጠርተውታል፣ መልስ የለም። አዛዡ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው፤ ፊቱን አይቼ ክንዱን ያዝኩት።

"ፔሪና፣ አልዋሽሽም" አለኝ። "ሊጨልም ነው፣ ማዕበሉም የሰማይ ስባሪ ያክላል። አንድ ቦታ ሄደን እንፈልጋለን። ሁለተኛ ቦታ የሚያደርስ ብርሃን አይኖረንም። የቱ ጋ እንሂድ?"

ወሬውን ሰምቶ ወደቡ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ አማቴ፣ ወደ ቪችኮ አባት ወደ ባርባ ዲንኮ ዞረ። የሚስጥር መረብ መጣያውን ለቪችኮ ያወረሱት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። ለወንድማቸው እንኳ ያልነገሩትን በዚያ ሁሉ አጥማጅ ፊት ተናገሩት፦ "ከስትራዣ ድንጋዮች ወደ ደቡብ። ከባሕር ስታዩት የደወሉ ግንብ ከነጩ ገደል ጋር በአንድ መስመር ሲገጥም፣ እዚያ ነው።"

አዛዡ ገመዱን ሊያስፈታ ሲል ሺሜ "እዚያ የለም" አለ።

"ምን አልክ?"

"ስትራዣን ከተወው ቆየ። ከብርኒክ ማዶ አዲስ ቦታ አግኝቷል።" መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚያወራው። "እከተለዋለሁ። እሱ ሲወጣ እኔ ገብቼ መረቤን እጥላለሁ።"

በእኛ ወደብ እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አብሮት የሚጠጣ አያገኝም፤ ሺሜም ያውቀዋል።

"ሌባ አትስሙ" አሉ አማቴ። "ልጄ ከእኔ የሚደብቀው ቦታ የለውም። ስትራዣ ነው ያለው።"

አዛዡ እኔን አየኝ። ብርኒክና ስትራዣ በተቃራኒ አቅጣጫ ናቸው። ከተሳሳትኩ ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሺሜ ለመዋሸት ምን ምክንያት አለው ብዬ አሰብኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራሱን በከንቱ አያዋርድም። ግን ስትራዣ ሄደው ቢሆንስ የሚያገኙት? የአማቴን ፊት ላለማየት ዞርኩ።

"ሺሜ በሚለው ሂዱ" አልኩ።

መንገዱን ሊያሳያቸው ሺሜም ዘሎ ገባ። አማቴ ትተውኝ ሄደው የወደቡ ጫፍ ላይ ቆሙ፣ ፊታቸው ወደ ስትራዣ። እኔ ወደ ብርኒክ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጸለይ እንኳ አቃተኝ፤ አፌ ላይ የሚመጣው "ምነው ባልሰማሁት፣ ምነው ባልሰማሁት" ብቻ ነበር።

ሲመለሱ በሕይወት እንዳለ ያወቅሁት ሺሜ ደግፎት ሲያቆመው ነው። ብርኒክ ማዶ፣ በተገለበጠችው ጀልባው ሆድ ላይ ተለጥፎ አግኝተውታል። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

"ማን... ነገራችሁ?" አለ።

"እኔ" አለ ሺሜ።

ቪችኮ ክንዱን ከሺሜ ትከሻ ላይ ሊያነሳ ሞከረ። ጉልበቱ ታጠፈ። የሺሜን ትከሻ መልሶ ያዘ።

አማቴ ቀስ ብለው መጡ። ካፖርታቸውን አውልቀው ልጃቸውን አለበሱት፣ ቁልፉንም እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ቆለፉለት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የት ብዬ ልፈልግህ ነበር?" አሉት።