እትዬ ሀሎ ለሁሉም ትመልሳለች

«ሰላም ያለ ሰው ዝም ከሚባል ቢሰደብ ይሻለዋል» የምትል ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ተቀምጣ፣ «ሀሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ስትል ኖራ ጡረታ ወጣች። እሷ ባለችበት ጮኾ ጮኾ የቀረ ስልክ የለም። ተሳዳቢ ይደውላል፣ አልቃሽ ይደውላል፣ ቁጥር የተሳሳተ ይደውላል፤ ለሁሉም መልስ ነበራት። ሰፈሩ «እትዬ ሀሎ» ያላት ለዚህ ነው።

ጉድ ያፈላባትም ይኸው አመሏ ነው።

ኢሜይል የከፈተላት አንድ ልጇ ነበር፣ ከቤት ሳይወጣ በፊት። ልጁ የእንጨት ሥራ ይወዳል፤ አባቱ ደግሞ መጋዝ ሲያይ ደሙ ይፈላል። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እንጨት ፋቂ ልጅ የለኝም» አለው። ልጁ ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ፤ እንደወጣም ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባትየው ሞተ፣ ቤቱ ተሸጠ፣ ስልኩ ተቀየረ፤ እሷም ፋርማሲ ከምትሠራው ታናሽ እህቷ ጋር መኖር ጀመረች። ልጁ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። እናቱን ላግኝ ቢል በእጁ ያለው ያ ኢሜይል ብቻ ነው።

ኢሜይሉ ግን በአይፈለጌ መልእክት ታፍኗል። ቅናሽ የሚለው፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል የሚለው፣ ፀጉር አብቃይ የሚሸጠው፣ ኧረ ስንቱ። «እማማ፣ ልጅሽ ነኝ፣ ተቸግሬያለሁ፣ እዚህ ጋ ተጫኚ» የሚል ሁሉ ይመጣል። ይህንን መጀመሪያ ያየች ቀን ልቧ ቀጥ ሊል ነበር፤ ውሸት መሆኑን እህቷ ስትነግራት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ታዲያ እትዬ ሀሎ ምን ታደርጋለች? ትመልሳለች። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም። እባክዎ ዳግም አይጻፉልኝ።» ለሁሉም ይህችኑ፣ በትህትና። በመለሰች ቁጥር ደግሞ ይብስባታል።

«እትዬ፣ አዲስ አድራሻ እንክፈትልሽና ይሄን ጣይው» ትላታለች እህቷ።

«እሱ የሚያውቀው ይሄን ነው።»

«እንግዲያው የማታውቂያቸውን ሁሉ ላግድልሽ።»

«እሱስ በየትኛው አድራሻ እንደሚጽፍ በምን አውቄ?»

መጣሉም ማገዱም አልሆነላትም። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ትከፍታለች፣ ምሳ ጎርሳ ትከፍታለች፣ ሰው ሊጠይቃት መጥቶ አንድ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። እስር ቤት ማለት ይኼ አይደል? በሩ ክፍት ነው፣ የከለከላት የለም፤ ግን ልጇ የሚመጣው በዚያው በር ስለሆነ ጥላው መሄድ አትችልም።

አንድ እሁድ ከሰዓት «የመልእክት ሳጥንዎ ስለሞላ አዲስ መልእክት መቀበል አይችሉም» የሚል ጽሑፍ አየች። ዛሬ ቢጽፍልኝስ አለች፣ ይኸው ዛሬ ቢጽፍስ። እህቷን ከተኛችበት ቀሰቀሰቻት።

እህትየው እያዛጋች ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ ያየችው የመጡትን ሳይሆን የተላኩትን ነው። ከላይ እስከ ታች «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ብቻ። እንቅልፏ ጠፋ፣ ሳቋም መጣ።

«እነዚህ ሰዎች እኮ አድራሻው ባለቤት ይኑረው አይኑረው አያውቁም ነበር። ‹አለሁ› ብለሽ የነገርሻቸው አንቺው ነሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እትዬ።»

«ሰው ጽፎልሽ ዝም ይባላል?»

«ሰው መቼ ጻፈውና። ማሽን ነው።»

ይኼ አልዋጥ አላት። ቢሆንም ወንበር ስባ ጎኗ ተቀመጠች። እህትየው መልእክቶቹን በላኪ በላኪ ለይታ በጅምላ ማጥፋት ጀመረች፤ እትዬ ሀሎ ግን እያንዳንዱን ላኪ ሳታይ አታስነካትም። ቅባት ሻጩ ሄደ። ዕጣው ሄደ። ብዙ ከሄደ በኋላ አንድ መልእክት ብቻ የላከ የቤት ዕቃ ድርጅት ላይ ደረሱ።

«ይሄ ደግሞ ቁም ሳጥን ሊሸጥልሽ ነው» አለች እህትየው፣ ጣቷን ልታሳርፍ።

«ቆይ፤ አንዴ ብቻ የጻፈ ነጋዴ የለም። ክፈችው።»

ከላይ የድርጅቱ ማስታወቂያ አለ፣ የቁም ሳጥን ሥዕል። እትዬ ሀሎ አስታወሰችው። ያኔ ሥዕሉን ብቻ አይታ መልሳለች፣ ወደ ታች አልወረደችም። እህቷ ገጹን ወደ ታች ገፋችው።

«እማ፣ ይሄ የምሠራበት ቤት አድራሻ ነው። ከላይ ያለውን ቁም ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። አባባ ይቅር ካለኝ ልመጣ እፈልጋለሁ። ልምጣ?»

ከሥሩ የእሷ መልስ አለ። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም። እባክዎ ዳግም አይጻፉልኝ።»

ቀኑን አዩት፤ ዓመት አልፎታል። እንክርዳዱን እነቅላለሁ ብላ ስንዴዋን ነቅላለች። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለች፣ ድምፅዋ የእሷ አልመስል እያለ። «ልምጣ ሲለኝ አልፈልግም አልኩት።» እህትየው እጇን ያዘቻት።

የቀረውን ሁሉ ሳያዩ አጠፉት። ቦታ እንደተገኘ እትዬ ሀሎ «ልጄ፣ ና» ብላ ላከች። ወዲያው መልስ መጣ። «ተቀባዩ ከዚህ አድራሻ የሚመጣ መልእክት አይቀበልም።»

«ምን ማለት ነው?»

«አግዶሻል» አለች እህትየው ቀስ ብላ። የድርጅቱን ስልክ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። የቀረው ስትለምናት የከረመችው አዲስ አድራሻ ብቻ ነው፤ ተከፈተ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ከማያውቀው አድራሻ የመጣውን ለምን ይከፍታል? «አስቸኳይ» ብትል ውሸታሞች ብለውታል። «ልጄ ሆይ» ብትል ብለውታል። «እናትህ ነኝ» ብትልማ ከሁሉም የባሰ ነው። የእናት ቃል አንድ እንኳ ሳይቀር ሌቦች ለብሰውታል። እህቷ ራት ልትሠራ ተነሳች፤ እሷ እዚያው ቀረች።

ልጁ ትንሽ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ ከሱቅ ስልክ ወደ ሆስፒታሉ ይደውል ነበር። ድምፁን እያወቀች እንደ ባዳ ታናግረዋለች፤ «እናቴን» ይላታል እየሳቀ። ይህን ጨዋታቸውን ሌላ ማንም አያውቀውም። እናም ርዕሱ ላይ «ሀሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ምንም አልጨመረችም። ላከችው።

አዲሱ ሳጥን ባዶ ነው። ባዶው ከሙሉው የባሰ እንደሚያስፈራ ያኔ ገባት። ሰኞ ባዶ፣ ማክሰኞ ባዶ። ረቡዕ እህቷ ሥራ ውላ ሳትመለስ አንድ መልእክት ገባ።

«እናቴን ፈልጌ ነበር። አልፈልግም ብላለች ተባልኩ።»

እትዬ ሀሎ እንደ ሥራ ቀኗ ወገቧን አቅንታ ተቀመጠች። ዓይኗን ጠራርጋ «አይዝጉት፣ አሁን አገናኝዎታለሁ» ብላ ጻፈችና አዲሱን ስልክ ቁጥሯን ጨመረችበት።

ስልኩ ጮኸ። አነሳችው። ዕድሜዋን ሙሉ ያለችው ቃል ግን እንቢ አላት፤ ቀድሞ «ሀሎ» ያለው ልጇ ነው።