ያላመማት ቦታ

የመጀመሪያው የስኳር ቁራጭ ከእግሯ ላይ ሲነሳ ዐፊፋ ጮኸች፤ ወዲያው በገዛ ጩኸቷ ሳቀች።

«እትዬ ዙህራ፣ ነፍሴን ከነሥሯ ነቀልሻት እኮ።»

«ነፍስሽን ለሙሽራሽ ለሙደሲር ትቼለታለሁ። እኔ የመጣሁት ለጸጉርሽ ነው።»

ዝናቡ የዶሮ ማነቂያ ሰፈርን የቆርቆሮ ክዳኖች ይደበድባል። በጠባቧ መስኮት የሚገባው ብርሃን አመድ የነካው ይመስላል። ዙህራ ሙሽራዋን ለብ ባለ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ ላብ እንዳያሟልጫት ገላዋ ላይ ዱቄት በስሱ ነስንሳለች። ከሎሚ ጋር ያፈላችውን ስኳር እንደ ሊጥ በጣቶቿ እያሸች ቆዳው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ታነሳዋለች።

በእነዚህ ቤተሰቦች ልማድ ጸጉር የምታነሳውን ሴት የሚልኳት የሙሽራው ወገኖች ናቸው። የሙሽራዋን ገላ ከባሏ በፊት የምታየው እርሷ ናትና፣ ሥራዋን ስትጨርስ አንድ ቃል ትጠየቃለች። «ንጹሕ ናት» ትላለች። የሙደሲር አክስት ይህን ቃል ለመስማት በውጭኛው ክፍል ተቀምጠዋል። ቃሉ እስከ ዛሬ ዙህራን ከብዷት አያውቅም፤ ሥራ ሲያልቅ ጨርቅ እንደ ማጠፍ ያለ ነገር ነበር።

የዐፊፋ ግራ ክንድ ላይ ሲደርሱ ዙህራ ከድስቱ አዲስ ቁራጭ ቆነጠረች። የራሷን ጣት ለበለባት። በድንጋጤ ከልጅቱ ክርን በታች ለጠፈችውና፣ ምን እንዳደረገች የገባት ከለጠፈችው በኋላ ነው። ጩኸቱን ጠበቀች። ዐፊፋ ግን አራዳ ሱቅ ውስጥ ስላየችው የጆሮ ወርቅ ማውራቷን አላቋረጠችም።

ዙህራ ስኳሩን አነሳችው። አንድም ጸጉር አልያዘም።

ክንዷን ወደ መስኮቱ ሳበችው። ጠገራ ብር የሚያህል፣ ከቀሪው ገላዋ ፈዘዝ ያለ፣ ላብ የማያውቅ ደረቅ ቦታ። በጥፍሯ ጫን አለችው።

«ጨረስሽ?» አለች ዐፊፋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች።

በፈዘዘው ቆዳ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጠባሳዎች ነበሩ፤ የደረቁም፣ ገና ቅርፊታቸውን ያልጣሉም። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ዙህራ ቀና ስትል የልጅቱ እናት ማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ዐፊፋ ለመታጠብ ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ ዙህራ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ማነው የወጋት?»

«እኔ። ስትተኛ። አንድ ሌሊት ትነቃልኛለች ብዬ።»

«እሷስ ታውቃለች?»

«የልጅነት ቃጠሎ ነው ብያታለሁ።»

ሥጋ ደዌ የሚለውን ስም አንዳቸውም አልተነፈሱትም። ከመጋረጃው ወዲያ የውሃ ድምፅና የልጅቱ እንጉርጉሮ ይሰማል።

«ሂና እናብዛበት፣ እህቴ። ከዚህ በር ከወጣች ሰው ሆነች ማለት ነው። ከቀረች ግን የት እንደሚጥሏት ታውቂያለሽ።»

ዙህራ ታውቃለች። በጊዮርጊስ ደጃፍ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚቀመጡትን በየቀኑ ታልፋቸዋለች፤ አንዳንዶቹ የማን ልጆች እንደ ነበሩ እንኳ ታውቃለች። ሙደሲርንም ታውቃለች፤ ገና ሲድህ አዝላዋለች።

«ሙደሲርስ የሰው ልጅ አይደለም?»

እናቲቱ የሂናውን ሳህን ገፋ አደረገችላት።

«ዛሬ ጸጉሩ በተነቀለ ቆዳ ላይ ሂና ያቃጥላል» አለች ዙህራ፣ ለሙሽራ ሁሉ የምትለውን ከልማድ ስታወጣው።

ዐፊፋ ተመልሳ ቁጭ አለች። ዙህራ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ገላዋ ላይ አሳረፈችላት፤ ቀጥላም የሰሊጥ ዘይት ትቀባት ጀመር። ግራ ክንዷ ላይ ስትደርስ አክስቲቱ በሩን ገፍተው ገቡ።

«እሰይ የኛ ሙሽራ፣ ጩኸትሽ ገበያ በተነ አሉ።» ሳቁ። «በይ ዙህራ፣ ቃልሽን ስጪኝና ልሂድ። የሙሽራው ሰዎች ዝናብ ላይ ቆመዋል።»

ዙህራ ወደ እርሳቸው አልዞረችም። አውራ ጣቷ በዘይቱ ተንሸራትቶ ፈዛዛው ቦታ ላይ ቆመ።

«ስሚኝ ዐፊፋ። ዛሬና ነገ ፀሐይ አይንካሽ፤ ሻካራ ልብስ አትልበሺ፤ ገላሽን አትፈትጊው። እሳት ዳር ስትሆኚ፣ ድስት ስታወጪ፣ እጅሽን አትመኚው፤ በዓይንሽ እዪ። ክንድሽንና ጣቶችሽን ማታ ማታ በብርሃን እያገላበጥሽ እዪያቸው።»

«እስከ መቼ?» አለች ዐፊፋ እየሳቀች።

የአክስቲቱ ፈገግታ ከፊታቸው ጠፋ። «ይኼንን ለሌሎቹ ስትይ ሰምቼሽ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው፤ አንድ እርምጃም ወደ መስኮቱ ቀረቡ።

ዙህራ አውራ ጣቷን አላነሳችም። ጥፍሯ እስኪነጣ፣ አንጓዋ እስኪያማት ድረስ ተጫነችው፤ ልጅቱ ግን የጥያቄዋን መልስ እየጠበቀች፣ ፈገግ ብላ ታያት ነበር።